ልጅህን በስምህ ያስጻፍንበት ሐምሌ

ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ ለጌታሰው ወልደኪዳን፤ ባለህበት ሰላም ይድረስህ።

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ለመነሣት ግድግዳ ትደገፋለህ? ምግቡ ይስማማሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ ጉንፋን ይሆን ወይስ ሌላ እያልኩ ሳሰላስል ሰነበትኩ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። ድካም ነው እንጂ ሌላ የከፋ ነገር አልነካንም። ደብረ ብርሃን እንደምታውቃት ናት፤ ከሰኔ ወዲህ ፀሐይ የወጣበት ቀን በጣት ይቆጠራል፤ ያጠብኩት ልብስ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ እርጥቡን ይገባል። እኔም ወገቤን ያመኛል። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ኋላ ቁጣዬን ስታነብ ግማሹ የወገቤ መሆኑን እንድታውቅልኝ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ስነግርህ ግን አንተ እሺ እትዬ ትላለህ፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ሂሳቡ ያልቃል፣ እኔም ልል ካሰብኩት ግማሹ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ደግሞ የሚላክልህ ወረቀት አለ። ጓደኛህ በላይ ፈቃዱን ጨርሶ ከእነዋሪ ወደ ጅግጅጋ ሲመለስ በእኛ በኩል እንደሚያልፍ ስለነገረኝ፣ ፖስታውን ከእጅህ እንዲያደርስልኝ አደራ ብዬዋለሁ። ውስጡ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግልባጭ፣ የመነን አዲሱ የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒና አንተ የምትፈርምበት ቅጽ ይገኛል። ቅጹን ከመፈረምህ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ አንብብልኝ። ወረቀቶቹን ብቻ ካየህ እዚህ ቤት የሆነውን ነገር አታውቀውም።

ነገሩ የጀመረው በሚያዝያ ነው። አንተው ደውለህ፣ ረጅም ዘመቻ ጨርሰው የተመለሱ የሠራዊት አባላት ልጆቻቸውን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አዳሪ ትምህርት ቤት ማስገባት እንደሚችሉ፣ ምግቡም ልብሱም መጽሐፉም በድጋፉ እንደሚሸፈን፣ ውጤቷ ጥሩ ከሆነ እስከ ዩኒቨርሲቲ እንደሚዘልቅ ነገርከኝ። ሰባት ዓመት ከድንበር ማዶ የቆየሁት አንድ ነገር ያምጣ እንጂ ብለህ ሳቅክ። እኔ አልሳቅሁም፤ ስልኩን ዘግቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለቤታችን እንዲህ ያለ በር ተከፍቶ አያውቅም።

መነንን አታውቃትም ብልህ ትቆጣለህ፤ ግን አታውቃትም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ያየሃት፤ አንዴ የወተት ጥርሷ ሲወልቅ፣ አንዴ ደግሞ አፍራህ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ። ስለዚህ ልንገርህ። ቁመቷ እኔን ጥሎኝ ሄዷል። ስትናደድ ልክ እንደ አንተ አፍንጫዋ ይነፋል። የጠየቅሃትን ትታ ያሰበችውን ነው የምትመልስልህ። ባለቤቴ ገብረኪዳን መቼም አሁንም ብርድ ልብስ ፋብሪካው ቀለም ክፍል ነው፤ ከሥራ ሲገባ እጁ ወይ ቀይ ወይ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚገባው። እሷ ታዲያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያንን እጅ እያገላበጠች፣ ቀለሙ ሱፉን ይዞ የሚቀር አንተን ለምን ይለቅሃል፣ ውኃው ካልፈላ ለምን አይዝም እያለች ስታደርቀው አድጋለች። የሚያውቀውን ይነግራታል፤ የማያውቀውን እዚያው ያሉትን ባለሙያዎች ጠይቆ፣ እንዳይረሳው በሲጋራ ወረቀት ላይ ጽፎ ያመጣላታል። አሁን ኬሚስትሪ ካልተማርኩ ብላለች። እዚህ የምትማርበት ክፍል ሰባ ልጅ የታጨቀበት ነው፤ ላቦራቶሪ የሚባለው ክፍል ተቆልፎ የተሰባበረ ወንበር ማስቀመጫ ሆኗል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ የሚሠራ ላቦራቶሪ እንዳለው የሰማች ዕለትና ማግስቱን ሌላ ወሬ አላወራችም።

በግንቦት መጀመሪያ ማስረጃዎቿን ሰብስቤ ጉዳዩን ወደሚያየው ቢሮ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ወንበሩ ላይ ያለው አንድ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆንብኝ ይቀለኝ ነበር፤ ተሳድቤ እወጣ ነበር። ያንተን ፋይል አወጣ፤ የኔን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ከዚያ፣ እናቴ፣ የአባቷ ፋይል ላይ ያለችው መነን ጌታሰው ናት፣ እርስዎ ያመጡልኝ ግን የመነን ገብረኪዳንን ማስረጃ ነው፣ የምትማረው የትኛዋ ናት አለኝ። አንድ ናት፣ አባቷ ዘመቻ ላይ ስለነበረ እኛ ነን ያሳደግናት አልኩት። እሱም፣ ለእኔ ይገባኛል፣ እኔ ራሴ በአያቴ ስም ነው የምጠራው፣ ነገር ግን የአባቷ ስም በፍርድ ቤት ካልተስተካከለ መዝገቡ አይቀበላትም አለኝ። ጊዜውም ጠባብ ነበር፤ ፍርድ ቤት ነሐሴ ሲገባ ይዘጋል፣ ስም ዝርዝሩም እስከ ነሐሴ አምስት መላክ አለበት።

በስልክ የስም ስህተት አለ ብዬ ነው ያለፍኩህ። አሁን ሳልዋሽ ልጻፍልህ። በ2005 ክረምት፣ ሚስትህ አልማዝ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች በኋላ፣ መነንን በፎጣ አቅፈህ አምጥተህ ሰጥተኸኝ አንተ ወደ ማሠልጠኛ ገባህ። ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። በዓመቱ መዋዕለ ሕፃናት ልናስመዘግባት እኔና ገብረኪዳን ይዘናት ሄድን። መዝጋቢዋ ስሟን ከነአባቷ ስትለን፣ ገብረኪዳን ወደኔ ዞሮ፣ መነን ጌታሰው በያት አለኝ። እኔ ግን መነን ገብረኪዳን ብለሽ ጻፊ አልኳት። ክንዴን ነካ አድርጎ የወንድምሽ ልጅ ናት፣ ስሙን አትውሰጂበት አለኝ። አሳዳጊ ስሙን ቢሰጥ በእኛ አገር ማን ነውር ብሎ ያውቃል፣ ስንቱ በአያቱና በአጎቱ ስም ተጠርቶ አድጎ የለ ወይ ብዬ አፉን አስያዝኩት።

እውነትም ነውር አይደለም። እኔ ግን ያደረግሁት ለልጅቷ ብዬ አልነበረም። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት አልፎን ልጅ ሳናገኝ ቀርተን ነበር፤ ጠበሉም ሐኪሙም ሰልችቶን ነበር። በባሌ ስም የሚጠራ ልጅ በቤቴ እንዲኖር ፈልጌ ነው። ይኸው ተናገርኩት። አንተ በረሃ ላይ ስትንከራተት እኔ እዚህ ስምህን ከልጅህ ላይ ወሰድኩብህ። ከዚያ በኋላ ያ ስም በየወረቀቱ እየተከተላት ሄደ፤ የክትባት ካርዷ ላይ፣ የቀበሌው መዝገብ ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና መግቢያዋ ላይ፣ ለፋይዳ አሻራዋን ስትሰጥም እንደዚያው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሰብኩትም። አስቤው ቢሆን ደግሞ አልለውጠውም ነበር።

ቢሮውን ያየሁበት ዕለት ለገብረኪዳን ነገርኩት። ፍርድ ቤት ቆመህ ልጄ አይደለችም ማለት አለብህ አልኩት። ምሳውን እየበላ ነበር፤ እጁን ታጠበና ወጣ። ሲመለስ፣ ሌላ የፈለጋችሁትን ወረቀት እፈርማለሁ፣ ይህን ግን በአፌ አልልም አለኝ። አሥር ቀን ያህል በዚህ ጸና። እኔም አልተውኩትም። ሲበላ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ከልጅቷ ዕድል ያንተ ስም በለጠብህ ወይ አልኩት። ጌታሰው፣ ስሙን በግድ ያሸከምኩት እኔ ሆኜ ሳለሁ ይህን ከአፌ አወጣሁት። በማግስቱ ከሥራ ቀርቶ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ላስቲክ ወጥረው ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች አንዱ ዘንድ ተቀምጦ አቤቱታውን ራሱ አስጽፎ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መመላለስ ሁሉ ብጽፍልህ በላይ የሚሸከመው ፖስታ ሳይሆን ጆንያ ይሆናል። የቀበሌው ማኅተም ያዥ ሥልጠና ሄዷል ይሉኛል፤ ሲመለስ መብራት የለም፤ መብራት ሲመጣ ሲስተም የለም። አንዷ ልጅ ፎቶው ጆሮ አያሳይም ብላ መለሰችን። መነን ሻሿን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ ጆሮዋን አሳይታ እንደገና ተነሣች። ፈተናዋን ጨርሳ ስለነበር በየቢሮው አብራኝ ትቀመጥ ነበር፤ መጽሐፍ ይዛ ትመጣለች፣ ገጹን ግን አትገልጠውም። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ፣ እትዬ፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እኔ ቤት ውስጥ ማን ነኝ አለችኝ። እንደ አንተ እትዬ ነው የምትለኝ፤ ካንተ የወረሰችው እሱን ነው። ያው መነን ነሽ አልኳት።

ፍርድ ቤቱ የትውልድ ማስረጃ ስለጠየቀ በሐምሌ አጋማሽ ከመነን ጋር አንኮበር ወረድን። ጉሙ መንገዱን ውጦት ሚኒባሱ በቀን መብራት አብርቶ ነበር የሚሄደው። ቄስ ገብረ ጻድቅ የጥምቀቱን መዝገብ አወጡልን፤ እርጥበት ጠርዙን በልቶታል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ሲያነቡት አባቷ ገብረመንፈስቅዱስ ይላል። ለካ በክርስትና ስምህ ነው የጻፉህ። ቄሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይህች ልጅ እንግዲህ በትምህርት ቤት ገብረኪዳን፣ በጦር ሰፈር ጌታሰው፣ በእግዚአብሔር ቤት ገብረመንፈስቅዱስ የሚባል አባት አላት፣ ስንት አባት ያላት ልጅ ናት እናንተ ብለው አሳቁን። መነንም ሳቀች፤ በዚያ ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱ ስሞች ያንድ ሰው መሆናቸውን ጽፈው ማኅተም አደረጉልን። ምስክር ደግሞ ክርስትና ያነሣቻት ወይዘሮ ወለተሐና ልትሆን ተስማማች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ መኪና ያዞራታል፤ ቢሆንም ለአልማዝ ልጅማ በእግሬም እመጣለሁ ብላ፣ በቀጠሮው ዋዜማ ግማሽ ጆንያ ባቄላ አሸክማ እቤቴ ደረሰች።

ቀጠሮው ሐሙስ ሐምሌ 24 ነበር። ገብረኪዳን ከዋዜማው ጀምሮ እጁን በኦሞ ሲፈትግ ነበር፤ ቢሆንም ከጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊው አልለቀቀም። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። አስማለችው። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን ጠየቀችው። ከዚያም ይህች ልጅ የአብራክዎ ክፋይ ናት ወይ አለችው። አይደለችም፣ የባለቤቴ ወንድም የጌታሰው ልጅ ናት አለ። ይህንን ጓሮ ቆሞ ለብቻው ሲለማመድ ሰምቼው ስለነበር አልደነገጥኩም። ታዲያ በእርስዎ ስም ያስመዘገባት ማን ነው አለችው። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል፣ እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የኔ ነው አለ። ወደኔ ዞርም አላለ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዳኛዋ ለመዝገቡ ነው እንግዲህ አለችና ሌላ ልጅ አለዎት ወይ ብላ ጠየቀችው። የለኝም አለ። ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ፣ ልጅ የለዎትም ብዬ ነው የምጽፈው አለችው። ያልሰማ መስሏት ደገመችለት። ባርኔጣውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና፣ አዎ፣ ልጅ የለኝም አለ። ጌታሰው፣ ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ሰው ልጅ አለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ገብረኪዳን የለኝም ሲል የሰማሁት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ነበር። መነን ከመጣች ወዲህ አንድ አለችኝ ነበር የሚለው። ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ስትፈታና መልሳ ስታስር ነበር።

ወይዘሮ ወለተሐና ተራዋ ሲደርስ ምርኩዟን መሬት ላይ ተክላ፣ በሰማንያ ቀኗ ያነሣኋት እኔ ነኝ፣ አባቷ ጌታሰው ነው፣ ጉንፋን ሲይዛት አዝሎ ሐኪም ቤት ሲመላለስ የኖረው ደግሞ ይኸው እዚህ የቆመው ነው፣ ሁለቱንም ጻፉልኝ አለች። ዳኛዋ ፈገግ ብላ፣ እማማ፣ መዝገቡ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው አለቻት። ውሳኔው በዚያው ቀን ተሰጠ። ስንወጣ ባጃጅ ጠራሁ፤ ገብረኪዳን እናንተ ሂዱ ብሎ በዝናቡ ውስጥ በእግሩ ሄደ። ከኛ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው የገባው። ልብሱን ቀይሮ ተኛ። የት ነበርክ አላልኩትም።

የተስተካከለው ወረቀት በቀነ ገደቡ ዋዜማ ሃምሳ አለቃው እጅ ደረሰ። ፍልሰታ ሳይፈታ ስም ዝርዝሩ ወጥቷል ተብለን ከመነን ጋር ሄድን። ሰሌዳው ፊት ሰው ተጋፍቷል። እሷ በእጇ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከታች ወደ ላይ ደገመችው፤ ፊቷ ጠቆረና የለሁም እትዬ አለችኝ። ራሴ ገብቼ ሳይ ዘጠነኛ መስመር ላይ መነን ጌታሰው ወልደኪዳን ይላል። ጣቷ ሁለት ጊዜ አልፎበታል። ገብረኪዳን የሚለውን ስትፈልግ ነው ያለፈችው። ይኸው አንቺ ነሽ አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችውና እሺ አለች። ይህን ያህል የለፋሁበትን ነገር አግኝቼ እልል የምልበት አቅም አጣሁ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷም ከጎኔ ተቀመጠች።

እቤት ውስጥ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በስም አልተጠራሩም። እሷ አባዬ ማለት ተወች፤ እሱም ልጄ ማለቱን ተወ። ሰው በአንድ ቤት እየኖረ ሳይጠራራ መዋል እንደሚችል አላውቅም ነበር። ጨው አቀብል የሚባለው እንኳ በእኔ በኩል ሆነ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ገብረኪዳን የምሳ ዕቃውን ረስቶ ሄደ፤ ሳልልካት እሷ ይዛለት ሄደች። የፋብሪካው ዘበኛ ለማን ነው፣ ማን ልበለው ሲላት፣ ልጁ ናት በለው ብላዋለች። ዘበኛው ይህን ለገብረኪዳን እንደ ተራ መልእክት ነው የነገረው። እሱም ሲገባ እንደ ተራ ነገር ነው የነገረኝ፤ ነገር ግን በዚያ ምሽት ሁለት ጊዜ ነገረኝ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ዝርዝሩ ውስጥ መግባቷን ደውዬ ስነግርህ እንኳን ደስ አለሽ አልከኝ። ለእኔ ነው እንዴ እንኳን ደስ አለሽ የሚባለው? ሦስት ወር ቢሮ ለቢሮ የዞርኩት አንተን ከልጅህ ጋር ለማገናኘት ነው። አገር ጠርታህ እንደሄድክ አውቃለሁ፤ ስንት ጓደኛ ቀብረህ እንደተመለስክም በላይ ነግሮኛል፤ ያን ሁሉ አሳልፈህ በሕይወት በመመለስህ በየቀኑ አመሰግናለሁ። ከጥር ወዲህ ግን ጅግጅጋ ነህ፤ የፈቃድ ተራህ ሲደርስ ለሌላ ትለቃለህ አሉ። በላይ ሳያስበው ነው ያመለጠው፤ አትቆጣው። መምጣት ፈርተህ እንደሆነ ይገባኛል። አንተ የምትፈራት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ እሷም እኩል ነው የምትፈራህ። በስልክ ስታናግርህ አንቱ የምትልህ ለዚህ ነው፤ አትከፋ። ገብረኪዳንን አንተ ትለዋለች፤ አንቱ የምትለው የማታውቀውን ሰው ነው።

እንግዲህ የምፈልገው ይህ ነው። ቅጹን ፈርመህ ለአዛዥህ ስጥ። የመግቢያው ቀን መስከረም 12 ነው። ልጅን የሚያስገባው መዝገቡ ላይ ያለው አባት ራሱ ነው፤ መታወቂያውን ይዞ በአካል ቀርቦ ይፈርማል፤ በውክልና አይሆንም ብለውናል። ካልመጣህ ቦታዋ ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጣል። ሃምሳ አለቃውን ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ ነው የነገረኝ። ስለዚህ ዛሬውኑ ፈቃድ ጠይቅ። ለሌላ አትልቀቅ። ገብረኪዳን ፍርድ ቤት የከፈለውን አንተ በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ማካካስ አትችልም፤ ግን ካልመጣህ እሱ በከንቱ ነው የከፈለው።

ስለ ስሙ ይቅር በለኝ። ፊት ለፊትህ ቆሜ ልልህ አስቤ ነበር፤ አንደበቴን ስለማውቀው ነው አስቀድሜ የጻፍኩት። ለገብረኪዳንም ገና አልነገርኩትም፤ ማለቴ እሱ ያውቀዋል፣ ይቅርታ ግን አላልኩትም። ይህን ደብዳቤ ለበላይ ሰጥቼ ስመለስ እነግረዋለሁ።

ወይዘሮ ወለተሐና ከልብ ሰላም ብላሃለች፤ በሰማንያ ቀኗ ያነሣሁልህን ልጅ በአሥራ አራት ዓመቷ እንኳ ናና እያት ብላሃለች። ቄስ ገብረ ጻድቅ በጸሎታቸው ያስቡሃል፤ ለአልማዝ ዝክር በየዓመቱ የምትልከው እንደሚደርሳቸው ንገሪልኝ ብለዋል። ጎረቤታችን ሀና ሰላም ብላሃለች፤ የላክህላትን ሽቱ አሁንም ለሠርግ ብቻ ነው የምታወጣው። አብረውህ ላሉት ጓደኞችህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በላይን ደግሞ ደህና አድርገህ አብላልኝ፤ ከስቷል። መነን እጅ ትነሣለች። ምን ልጻፍልሽ ስላት፣ የጫማዬ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነው በይው አለችኝና ወዲያው አፍራ ተይው አለች። እኔ ጻፍኩት።

ገብረኪዳን ሰላም ብሎሃል። እሱንም ምን ልጻፍልህ ብዬው እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ጠበቅሁት። በመጨረሻ እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ አለኝ፤ መስከረም 12 አንተ መጥተህ ልጅቷን ስትወስዳት፣ ቅር ካላለህ እሱም አብሯችሁ ቢሄድ ይፈልጋል። ሻንጣዋን ይሸከማል። መዝገብ ቤት ስትገቡ እሱ አይገባም፤ ውጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። መልሱን ለእኔ አትጻፈው፤ ለእሱ ጻፍለት።

እህትህ ሰርካለም ወልደኪዳን
ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.